ቁስልን የቀረጸ እጅ፦ የሕንዳዊው ቀራጺ የሶምናት ሆር ጉዳይ

በ1943 የቤንጋል ረሃብተኞች በካልካታ ቤቶች ደጃፍ ቆመው የሚለምኑት ሩዝ አልነበረም። ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ የሚደፋውን ውሃ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ «ፋን» ይባላል። ሩዙን የሚሰጣቸው እንደሌለ አውቀው ልመናቸውን ሳይቀር ዝቅ አደረጉት። በዚያ ዓመትና በተከታዩ ዓመት በረሃቡና ረሃቡ ባመጣው ወረርሽኝ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከወደቁት ሰዎች አጠገብ ተቀምጠው ያዩትን በወረቀት ላይ ካሰፈሩት ወጣቶች አንዱ የሃያ ሁለት ዓመቱ ሶምናት ሆር ነበር።

ይህ ወጣት ከጊዜ በኋላ ከዘመናዊት ሕንድ ታላላቅ የኅትመት ጥበብ (በእንጨት ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ሥዕል የማተም ጥበብ) ባለሙያዎችና ቀራጺያን አንዱ ሆኗል። ከሕንድና ከባንግላዴሽ ውጭ ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔን ወደ ሥራው የሳበኝ ዝናው አይደለም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ያየውን መከራ በሰማንያ አምስት ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከእጁ አለማውጣቱ፣ ያም ሆኖ አንዱን ሥዕል ዕድሜ ልኩን ሲደጋግም አለመኖሩ ነው። መከራን አይቶ መሣል የብዙዎች ነው። ያዩትን መከራ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ ሌላ ቋንቋ መፈለግ ግን የጥቂቶች ነው፤ ሆርን ለጥናት የሚያበቃውም ይኸው ይመስለኛል።

ቺታጎንግ

ሆር የተወለደው በ1921 በቺታጎንግ አውራጃ፣ ባራማ በምትባል መንደር ነው። ቺታጎንግ ያኔ በእንግሊዝ በምትገዛው ሕንድ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለች የወደብ አገር ነበረች፤ ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ ናት። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበትና በዘመድ እጅ አደገ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለ፣ በሚያዝያ 1930፣ ሱርያ ሴን የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ወጣቶችን አስታጥቆ የቺታጎንግን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ወረረ። መምህሩ ከጥቂት ዓመታት ሽሽት በኋላ ተይዞ በ1934 ተሰቀለ። በዚያ አገር ለሚያድግ ልጅ ነፃነት ከጠመንጃና ከስቅላት ተለይቶ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጃፓኖች በ1942 በርማን ይዘው ወደ ሕንድ ድንበር ሲጠጉ ቺታጎንግ የጦር ግንባር ጎረቤት ሆነች። በዚያው ዓመት አውሮፕላኖቻቸው ፓቲያ የምትባለውን መንደር ደበደቡ። ሆር ከድብደባው በኋላ ያየውን ሬሳና ፍርስራሽ ሣለ። ሠዓሊነቱ የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአበባ ወይም ከመልክዓ ምድር አልጀመረም።

ረሃቡን ያመጣው

ስለ 1943 ረሃብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ተፈጥሮ ነው። እርግጥ ነው፣ በጥቅምት 1942 ከባድ ማዕበል የሜዲኒፑርን የባሕር ዳርቻ መትቶ ሰብልና ከብት ጠርጎ ነበር። ነገር ግን ማዕበሉ ብቻውን ሚሊዮኖችን አልገደለም። በርማ በጃፓኖች እጅ ስትወድቅ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ። የእንግሊዝ አስተዳደር ጠላት እንዳይጠቀምባቸው በሚል በባሕር ዳር አውራጃዎች የተረፈውን ሩዝ አነሳ፤ ከአሥር ሰው በላይ የሚጭኑ ጀልባዎችንም ወረሰ፣ አወደመ። ቤንጋል በወንዝ የምትኖር አገር ናት፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ነጋዴውም፣ ወደ እርሻው የሚሻገረው ገበሬም በጀልባ ነው የሚኖረው። ለጦርነቱ ሲባል ገንዘብ ያለ ልክ ሲታተምና ነጋዴው ሩዝ ሲደብቅ ዋጋው ከቀን ሠራተኛው አቅም በላይ ሆነ። ለካልካታ ፋብሪካዎችና ለሠራዊቱ ቅድሚያ ተሰጠ። ለንደን የተቀመጡት ባለሥልጣናት እህል የሚጭን መርከብ እንዲመደብ ተደጋግሞ ቢጠየቁም የሚበቃውን አልፈቀዱም።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ በቤንጋል ባለችው በሻንቲኒኬታን ከአያቶቹ ጋር ሆኖ ረሃብተኞቹ ሲያልፉ አይቷል። በ1981 ያሳተመው ጥናት የቤንጋልን ረሃብ ከእኛ አገር የ1972–74 ረሃብ ጋር ጎን ለጎን የሚመረምር ነው። በሁለቱም ቦታ ሰው የሞተው እህል ጨርሶ ከምድር ስለጠፋ አለመሆኑን፣ እህሉን የሚገዛበት ወይም የሚያገኝበት አቅም ስላጣ መሆኑን አሳየ፤ በወሎ ሰው እየረገፈ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይጫን እንደነበርም ጻፈ። የሆርን የረሃብ ሥዕሎች የሚመለከት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ታሪኩን እንደ ሩቅ ወሬ የሚያይበት ምክንያት የለም።

ሆርም በበኩሉ ረሃቡን የሰው ሥራ አድርጎ ነው ያየው። ያን ጊዜ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። ወደ ረሃብተኞቹ ወስዶ ፊት ለፊት እንዲሥል ያስተማረው እዚያው ቺታጎንግ ያደገው ሠዓሊ ቺታፕሮሳድ ነው። ቺታፕሮሳድ ሜዲኒፑርን በእግሩ ዞሮ ያየውን በጽሑፍና በሥዕል አድርጎ በ1943 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ አስተዳደሩ አምስት ሺህ ያህሉን ቅጂ ይዞ አቃጠለ። ከቃጠሎው ያመለጠ አንድ ቅጂ ቤተሰቡ ዘንድ ተጠብቆ ቆይቷል። የእርሳስ መስመር ያን ያህል የሚያስፈራ ኃይል እንዳለው ወጣቱ ሆር የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከወዳጁ ላይ ሲደርስ አይቶ ነው።

የሆር ሥዕሎች በፓርቲው የቤንጋልኛ ጋዜጣ፣ በ«ጃናዩዳ»፣ ይወጡ ነበር። የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ሕፃናት፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ የገባ ሽማግሌዎች፣ በመንገድ የተጋደሙ እናቶች ናቸው። ሥዕሎቹ የተሣሉት ለሥራ ነው፤ እርዳታ እንዲሰበሰብ፣ ያላየው እንዲያይ፣ መንግሥት እንዲያፍር። ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ቤንጋል ውስጥ ረሃቡን የሣሉ ሌሎችም ነበሩ። ከእነርሱ ዋነኛው ዛይኑል አቤዲን ቆይቶ በካልካታው የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሆር መምህር ሆነ። የሆር የረሃብ ሥዕል ገና የራሱን ድምፅ አላገኘም ነበር ብል አልሳሳትም። ተመልካቹ ያዝናል፤ ሐዘኑ ግን ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ሐዘን ነው። የተራበው ሰው በሥዕሉ ውስጥ እጁን ከመዘርጋት ሌላ ተግባር የለውም።

የራንግፑር ገበሬዎች

ይህን አመለካከት የቀየረው በታኅሣሥ 1946 የገጠመው ነው ብዬ አምናለሁ። በሰሜን ቤንጋል የእኩል አራሾች እንቅስቃሴ ተቀጣጥሎ ነበር። እስከዚያ ጢሰኛው የራሱን በሬና ጉልበት አውጥቶ ካመረተው ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክባል፤ በዚያ ላይ ዘርና ብድር እየተባለ ከቀረውም ይቆረጥበታል። እንቅስቃሴው የጠየቀው ከምርቱ ሁለት ሦስተኛው ለአራሹ እንዲሆን፣ ባለመሬቱ ሲሶ ብቻ እንዲወስድ ነው። ቴብሃጋ ይባላል። ሌላም ጥያቄ ነበረው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። የታጨደው ሩዝ የሚከመረው በባለመሬቱ ግቢ ሳይሆን በአራሹ በራሱ አውድማ ይሁን አሉ። እህሉ የማን አውድማ ላይ እንደሚወቃ የሚወስን ሰው ክፍፍሉንም ይወስናል፤ ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ፓርቲው ሆርን ወደ ራንግፑር ላከው። ከገበሬዎቹ ጋር አድሮ፣ ከሚበሉት በልቶ፣ ያየውንና የሰማውን በማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፈ፤ ከጽሑፉ ጎንም ሣለ። ይህ ማስታወሻ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትሞ ዛሬ ይነበባል። በውስጡ ያሉት ሰዎች ከረሃቡ ሥዕሎች ሰዎች የተለዩ ናቸው። ማታ በፋኖስ ዙሪያ ተሰብስበው ይመክራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አገጩን በእጁ ደግፎ ያዳምጣል። ዱላ ይዘው ሰብሉን ይጠብቃሉ። ሴቶቹም ወጥተዋል፤ በዚያ እንቅስቃሴ ፖሊስን በመጥረጊያና በወጥ ቤት ቢላዋ የተጋፈጡ ሴቶች እንደነበሩ ታሪክ ይናገራል። ከሦስት ዓመት በፊት የሩዝ ውሃ ሲለምን የነበረ ሕዝብ አሁን ሩዙን ወደ ገዛ አውድማው ይሸከማል።

ጊዜውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በነሐሴ 1946 በካልካታ ሂንዱና ሙስሊም ተፋጅተው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ሆር ከተማውን ያውቀዋል። ከአራት ወር ያህል በኋላ በራንግፑር የሁለቱ ሃይማኖት ገበሬዎች አብረው ሲያጭዱና ሲሰበሰቡ አየ። በኋላ ሥራዎቹ ጨለማና ቁስል ብቻ የሚመስሏቸው ሰዎች ይህን ማስታወሻ ሳያነቡ የሚፈርዱ ናቸው። ሰው ሲነሳ ምን እንደሚመስል ሆር በዓይኑ አይቷል፤ ቁስሉን የሚቀርጸውም ያንን አይቶ ነው።

ከማስታወሻው ሥዕሎች ብዙዎቹን በተከታዮቹ ዓመታት በእንጨት ላይ ቀርጾ አተማቸው። ከጀርመናዊቷ ሠዓሊ ከኬቴ ኮልቪትስና ከቻይና አብዮት ዘመን የእንጨት ኅትመቶች ብዙ ተምሯል። ሌሊቱ በጥቁር፣ የፋኖሱ ብርሃን በነጭ። በቢላዋ እንጨት ሲፈለፍል የጀመረው እጅ መፈልፈልን እስከ መጨረሻው አልተወም።

ነፃነት በ1947 መጣ፤ አገሩንም ለሁለት ከፍሎ መጣ። የተወለደባት ቺታጎንግም ገበሬዎቹን የሣለባት ራንግፑርም በድንበሩ ማዶ፣ በፓኪስታን ወገን ቀሩ። የቴብሃጋ እንቅስቃሴ በፖሊስ ጥይት ተመታ። በምዕራብ ቤንጋል የኮሚኒስት ፓርቲ በ1948 ሲታገድ ሆር ተደብቆ ለመኖር ተገደደ፤ ነፃ በወጣች አገር። በ1950ዎቹ ከፓርቲው አባልነት ቀስ በቀስ ወጣ። የወጣው ከድርጅቱ ነው፤ ለማን እንደሚወግን ግን ሥራዎቹ ይናገራሉ።

ነጭ በነጭ ላይ

የሚቀጥሉትን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። በካልካታ አስተማረ፤ ከ1958 ጀምሮ በዴልሂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ክፍሉን መራ። የብረት ሰሌዳን በአሲድ እያስበሉ በብዙ ቀለም የማተምን ዘዴ በራሱ ሙከራ ተክኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ሽልማቶችን ወሰደ። እነዚህ ኅትመቶች ውብ ናቸው፤ ሆኖም ሆርን ከሌሎች የሚለየው እዚህ አይገኝም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴልሂን ትቶ በገጣሚው በራቢንድራናት ታጎር ወደተመሠረተው የሻንቲኒኬታን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ወደ ካላ ባቫና፣ ሄደ። ሠዓሊት ባለቤቱ ሬባ ሆርም አብራው ነበረች። በዚያ ግቢ ራምኪንካር ባይጅ በሲሚንቶና በጠጠር የሠራው ሳንታል ከሚባለው ሕዝብ የሆኑ ሠራተኞች ቤተሰብ ሐውልት ከ1938 ጀምሮ በሜዳ ላይ ቆሟል፤ ዕቃቸውን ተሸክመው የሚሄዱ ድሆች በንጉሥ ልክ ተቀርጸው። ሆር ወደ ቅርጻ ቅርጽ ከመግባቱ በፊት በዚህ ጎረቤትነት ኖሯል።

ጊዜው ደግሞ ደም የበዛበት ነበር። በ1967 ናክሳልባሪ በምትባል መንደር የተነሳው የገበሬዎች አመፅ ወደ ካልካታ መንገዶች ወርዶ ወጣቶች ይገድሉም ይገደሉም ነበር። በ1971 የትውልድ አገሩ ምሥራቅ ፓኪስታን በጦርነት ባንግላዴሽ ስትሆን አሥር ሚሊዮን የሚሆን ስደተኛ ወደ ሕንድ ጎረፈ፤ አብዛኛው የገባው ወደ ምዕራብ ቤንጋል ነው። ሆር ስለ እነዚህ ዓመታት ሲጽፍ የ1943 ረሃብ፣ የ1946 እልቂትና ጦርነቱ በአእምሮው ተቀርጸው እንደቀሩ፣ ቁስልን በየሄደበት ማየቱን ገልጿል። የተሰነጠቀ ዛፍ፣ የከባድ መኪና ጎማ የቦረቦረው መንገድ፣ ያለ ምክንያት በጩቤ የተወጋ ሰው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ሆኖ ይታየው ጀመር።

በ1971 የጀመራቸው «ቁስሎች» የተባሉት ሥራዎች የመጡት ከዚህ ነው። አሠራሩን በዝርዝር መናገር ይገባል፤ የሥራው ትርጉም ያለው አሠራሩ ውስጥ ነውና። በመጀመሪያ የሸክላ ጭቃ ወይም ሰም እንደ ሰሌዳ ይዘረጋል። ሆር ያንን ለስላሳ ገጽ በቢላዋ ይሰነጥቀዋል፣ ይወጋዋል፣ በጋለ ብረት ያቃጥለዋል። ከዚያ ሲሚንቶ አፍስሶ የቁስሉን ግልባጭ ያወጣል። በሲሚንቶው ላይ በውሃ የላመ የወረቀት ሊጥ በእጁ እየጫነ፣ ውሃውን በስፖንጅ እየመጠጠ ይለብጠዋል። ሲደርቅ ይላቀቃል። ቀለም የለም፣ የኅትመት መኪና የለም። የሚቀረው ነጭ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ተሰንጥቋል፣ አብጧል፣ ጠባሳ አውጥቷል። አንዳንዱ ላይ ጥቂት ቀይ ብቅ ይላል።

በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሰው የለም። ረሃብተኛው፣ ገበሬው፣ እናቲቱ የሉም። ተመልካቹ ሊያዝንለት የሚችል ሌላ አካል ስለሌለ ነጩ ገጽ የራሱን ቆዳ ያስታውሰዋል። ሆር በ1943 የተጎዳውን ሰው ሣለ፤ በ1971 ግን ጉዳቱን በቁሱ ላይ አደረሰው፣ እርሱ ራሱ በገዛ እጁ። ጩቤውን የያዘ እጅና ጠባሳውን በስፖንጅ የሚዳብስ እጅ አንድ ሆኑ። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የመከራ ሥራ አይቻለሁ ለማለት ይከብደኛል።

የሚጎድለውንም መሸሸግ አልፈልግም። የ1943 ረሃብ አድራሻ ነበረው። ጀልባ ያወደመ አስተዳደር፣ ሩዝ የደበቀ ነጋዴ፣ መርከብ የከለከለ ካቢኔ ነበር። በነጩ ወረቀት ላይ ግን ቁስል እንጂ ያቆሰለው አይታይም። ቁስል ሁሉ አንድ ከሆነ ተጠያቂ የለም ማለት ነው፤ የመኪና ጎማ የቦረቦረው መንገድና የተራበ ሕፃን በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይገባም። ይህን ቅሬታ የሚያነሳ ሰው እውነት አለው። ለሆር የምመሰክርለት ግን ወዲያው ወደ ሰው አካል መመለሱን ነው።

ሰምና ነሐስ

ነሐስ መቅረጽ የጀመረው በ1974፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ዘዴው የእኛም ወርቅ አንጣሪዎችና መስቀል ሠሪዎች ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ በእሳት ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ብረት ቦታውን ይይዛል። የሆር የራሱ የሆነው ሰሙን የሚይዝበት መንገድ ነው። ጠፍጥፎ እንደ ወረቀት ያሳሳዋል፤ ይቆርጠዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ በጋለ መሣሪያ ያገጣጥመዋል። ስለዚህ ሰውነቶቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። ደረታቸው የታጠፈ ቆርቆሮ ይመስላል፤ ስንጥቁ ሳይደፈን፣ መገጣጠሚያው ሳይሞረድ ይቀራል። ሌላ ቀራጺ በሞረድ የሚያስወግደውን ሻካራ ገጽ እርሱ እንዳለ ይተወዋል።

የሚቀርጸው የቆመ ሰው፣ የተቀመጠች እናት፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ፍየል፣ የከሳ ውሻ ነው። ብዙዎቹ በእጅ የሚነሱ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። ቅልጥማቸው ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ይቆማሉ። ነፃነትን በሆር ሥራ የሚፈልግ ሰው የተነሳ ክንድና የተበጠሰ ሰንሰለት አያገኝም። የሚያገኘው ደረቱ ተቦርቡሮ እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመ አካል ነው። ከራንግፑር ማስታወሻ ጋር የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ የተጎዳው ሰው የሰው ምጽዋት የሚጠብቅ ፍጥረት አለመሆኑን ሁለቱም ይናገራሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ የቬትናም እናት ነበረች። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ካልካታ ውስጥ የቬትናም ጦርነት የሩቅ አገር ጉዳይ አልነበረም። «ስሜ፣ ስምህ፣ ቬትናም» እያለ ወጣቱ በየአደባባዩ ይጮህ ነበር፤ የአሜሪካ ቆንስላ ያለበት መንገድ ስሙ ተለውጦ በሆ ቺ ሚን ተሰየመ፤ ዛሬም እንዲሁ ይጠራል። ጦርነቱ በሚያዝያ 1975 ሳይጎን ስትያዝ አበቃ። ሆር ልጇን የያዘች እናትን በነሐስ ሠርቶ ለቬትናም ሕዝብ ትግል መታሰቢያ አደረጋት። የ1943ቷ እናት በመንገድ የወደቀች ነበረች፤ ይህችኛዋ ከመከራው የወጣ ሕዝብ ስም ይዛ ቆማለች። በነጩ ወረቀት ላይ ጠፍቶ የነበረው አድራሻም ተመለሰ። ስም የሌለው ቁስልና ስም ያለው ሕዝብ በአንድ ሥራ ላይ የተገናኙት እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው የሆርን መንገድ ሁሉ አንድ ላይ የያዘች ሥራ ናት የምለው።

ተጠናቅቃ ብዙም ሳትቆይ፣ በ1977፣ ከካላ ባቫና ተሰረቀች። እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ስርቆቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚረዳው አሠራሩን ያወቀ ነው። ሆር በቀጥታ በሰሙ ላይ ስለሚሠራ ሰሙ አንድ ጊዜ ቀልጦ ከወጣ በኋላ ሌላ ቅጂ የሚቀዳበት መነሻ አይኖርም። ማን እንደወሰዳት፣ ነሐሷ ቀልጦ ተሽጦ እንደሆነ ወይም በአንድ ሰው ቤት ተደብቃ እንደሆነ አልታወቀም። በመከራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሰበ ሰው የደረሰበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ማጣቱ ያንገበግበኛል፤ ይህን በለዘበ ቃል ልናገረው አልችልም። ግቢው ከዚያም በኋላ አልተማረ ይሆን? በመጋቢት 2004 የታጎር የኖቤል ሜዳሊያ ራሱ ከሻንቲኒኬታን ሙዚየም ተሰርቋል። ለሜዳሊያው የአገሪቱ ከፍተኛ የምርመራ ቢሮ ተሰማርቶ ነበር፣ ዓለምም ሰማ። የሆር እናት ግን የጠፋችው ስሟን ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁበት ሁኔታ ነው።

ሆር ከዚያ በኋላም መቅረጹን አላቆመም። ከማስተማር ሥራው ከተሰናበተ በኋላ በሻንቲኒኬታን ቤቱ እየኖረ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ትንንሾቹን ነሐሶች ሠራ። በ2006 ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት የሕንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ክብር ሰጠው።

ዛሬ የሚታይበት መንገድ

ዛሬ የሆር ነሐሶች በጨረታ ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። የሩዝ ውሃ የለመነው ሕዝብ አካል በባለጸጋ ሳሎን ውስጥ መብራት በርቶለት ይቆማል። ይህ የሆር ጥፋት ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ በረሃብ ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ የሚጠብቀው ፈተና ነው። ስህተቱ ያለው በአቀራረቡ ላይ ነው። ነሐሶቹና ነጫጭ ወረቀቶቹ ብቻቸውን በንጹሕ ግድግዳ ሲሰቀሉ፣ ከግርጌያቸውም «የሰው ልጅ ስቃይ» የሚል ቃል ብቻ ሲለጠፍ፣ ጀልባዎቹም፣ መርከብ የከለከሉትም፣ የባለመሬቱም ግቢ አብረው ይሰወራሉ። ስቃይ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ሆር ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንኳ እንዲህ ብሎ አላመነም።

መፍትሔው በሙዚየሞች እጅ ነው። የ1943ቱ የጋዜጣ ሥዕሎች አሉ። የራንግፑር ማስታወሻ ታትሟል፤ ፋኖሱ ዙሪያ የተቀመጡት ገበሬዎችም በእንጨት ኅትመቶቹ ላይ አሉ። ነሐሱ ከእነርሱ አጠገብ ይቁም፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ግድግዳ። የቬትናም እናት ቦታም በካታሎጉ ውስጥ ተሰርቃለች ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ማግኘት የሚፈልግ መርማሪም ሆነ ያያት ሰው የሚፈለገው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።